ለስላሳ ማረሚያ ልብስ ጠንካራውን ብሬስ ሊተካ ይችላል ወይ? (የ12 ዓመት ልጅ፣ 28 ዲግሪ)

አሳቢ_እናት ጻፈች፦

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 12 ዓመቷ ነው። የአከርካሪ አጥንቷ በደረቷ አካባቢ ወደ ቀኝ የተጣመመ ሲሆን፣ በመጀመሪያው ራጅ 21 ዲግሪ የነበረው ኩርባ ከስድስት ወር በኋላ በተነሣችው ራጅ 28 ዲግሪ ሆኖ ተገኝቷል። የወር አበባ ገና አላየችም። ሐኪሟም በዳሌ አጥንቷ ላይ የሚታየውና ሪሰር የሚባለው የእድገት ምልክት ዜሮ ላይ ስለሆነ ገና ብዙ የምታድግበት ጊዜ እንዳላት ገልጾልን፣ በልኳ የሚሠራ ጠንካራ የፕላስቲክ ብሬስ በቀን 18 ሰዓት እንድትለብስ አዝዟል።

በኢንተርኔት ስፈልግ ግን ከተለጣጭ ጨርቅና ከማሰሪያዎች የተሠሩ፣ ከሸሚዝ ሥር ሲለበሱ የማይታወቁ ልብሶች አየሁ። ልጄም አይታቸው “ይሄኛውን ከሆነ እሺ” አለችኝ። ብሬሱን በጣም ፈርታዋለች፤ አብረዋት የሚማሩት ልጆች እንዳያዩባት ትጨነቃለች። ስለዚህ ሁለት ነገር ልጠይቅ። በለስላሳውና በጠንካራው መካከል ያለው ልዩነት የምቾት ብቻ ነው ወይስ የሕክምናም ጭምር? ለስላሳውን ለስድስት ወር ሞክረን ካልሠራ ወደ ጠንካራው ብንሄድስ የምንጎዳው ነገር ይኖራል?

ብሬስ_ሠሪው መለሰ፦

እንደምን ነዎት እህቴ። ብሬስ መሥራት የዕለት ሥራዬ ስለሆነ፣ ልብሱ በአካል ላይ የሚሠራውን ሥራ ከመሠረቱ ላስረዳዎት። በስኮሊዮሲስ (የልጅዎ ዓይነት የአከርካሪ መጣመም) አከርካሪው ወደ ጎን ማጋደሉ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ አንጓ በራሱ ዙሪያ ይዞራል፤ ከአንጓዎቹ ጋር የተያያዙት የጎድን አጥንቶችም አብረው ይዞራሉ። ልጅቷ ስታጎነብስ የጀርባዋ አንድ ወገን ከሌላው ከፍ ብሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ለመቋቋም ቢያንስ በሦስት ቦታ የሚያርፍ ግፊት ያስፈልጋል፤ አንደኛው ኩርባው በጣም ከወጣበት ቦታ ጋር በተያያዙት የጎድን አጥንቶች ላይ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ደግሞ በተቃራኒው ወገን ከኩርባው በላይና በታች። ግፊቱ ካለበት ቦታ ትይዩ ክፍተት መተው አለበት፤ ሰውነቷ የሚሸሽበትና ስትተነፍስ ደረቷ የሚሰፋበት ስፍራ ካላገኘ፣ ብሬሱ ያጨንቃታል እንጂ አያስተካክላትም።

ጨርቅ በባሕርዩ ይስባል እንጂ አይገፋም። በሰውነት ዙሪያ ሲጠመጠም በሚዞርበት ሁሉ ይጫናል፤ አንዱን ቦታ አጥብቆ ተጭኖ ትይዩውን ባዶ መተው ይከብደዋል፤ የሚስብበትም ጠንካራ መነሻ ስለሚያስፈልገው በዳሌ ወይም በጭን ላይ መታሰር አለበት። የፕላስቲኩ ቅርፊት ግን ቅርጹን ስለሚጠብቅ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያደርጋል። እንግዲህ ልዩነቱ ከምቾት ያለፈ ነው ማለት ነው።

ጠንካራው ብሬስም ሁልጊዜ ዛሬ በሚታየው መልክ አልነበረም። በ1940ዎቹ ዋልተር ብላውንት እና አልበርት ሽሚት የሠሩት የሚልዋኪ ብሬስ ከዳሌ ተነሥቶ እስከ አንገት የሚደርስ፣ የብረት ዘንጎችና የአንገት ቀለበት ያለው ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቦስተን ጆን ሆል እና ዊሊያም ሚለር ከብብት በታች የሚቀር የፕላስቲክ ብሬስ ሠሩ፤ አንገቱም ነጻ ወጣ። በዚያው ዘመን ፈረንሳዊው ሐኪም ዣክ ሼኖ ግፊቱንና ክፍተቱን በጥንቃቄ ያከፋፈለ፣ የአንጓዎቹን መዞርም የሚቃወም ብሬስ አወጣ፤ ዛሬ በኮምፒውተር ተነድፈው የሚሠሩት ብዙዎቹ የእሱ ዘሮች ናቸው። ይህን ያነሣሁት ልጅዎ የፈራችው ምናልባት በሥዕል ያየችውን አሮጌውን ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ነው። አሁን የሚሠራላት ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር የሚሆን ውፍረት ያለውና ሰፋ ባለ ልብስ ሥር በአብዛኛው የሚሸፈን ነው።

ከለስላሶቹ መካከል በስፋት የተጠናው በ1990ዎቹ በሞንትሪያል የተሠራው ስፓይንኮር ነው። ዳሌ ላይ ካለ መነሻ ተነሥተው በአካል ላይ የሚጠመጠሙ ተለጣጭ ማሰሪያዎች ያሉት ሲሆን፣ በቀን 20 ሰዓት እንዲለበስ የታሰበ ነው። ከፈልሳፊዎቹ በኩል የወጡት ጽሑፎች ጥሩ ውጤት አሳይተዋል። ነገር ግን በሆንግ ኮንግ 43 ልጃገረዶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ በ2008 የታተመው ጥናት፣ ጠንካራውን ከለበሱት 95 በመቶ ያህሉ ኩርባቸው ከ5 ዲግሪ በላይ ሳይጨምር ሲቀር፣ ስፓይንኮር ከለበሱት ግን እንዲህ የሆነላቸው 68 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ልጃገረዶቹ እንደ ልጅዎ ሁሉ ገና በማደግ ላይ የነበሩና ኩርባቸው ከ20 እስከ 30 ዲግሪ የሆነ ስለነበሩ ለጥያቄዎ ቅርብ ነው።

የልጁ_አባት መለሰ፦

ከላይ የተጻፈውን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም ሌላ ወገንም መሰማት አለበት ብዬ አምናለሁ። ወንድ ልጄ 16 ዓመቱ ነው፤ ኩርባው 19 ዲግሪ ሲሆን ለአንድ ዓመት ያህል ተለጣጭ ማረሚያ ልብስ ለብሷል። በቅርቡ በተነሣው ራጅም ያው 19 ነው። አንድም ቀን አልለብስም ብሎኝ አያውቅም። የዘመዳችን ልጅ ግን ጠንካራ ብሬስ ተሠርቶላት አብዛኛውን ጊዜ ከቁም ሣጥን አልወጣም። ቤት ውስጥ ከተቀመጠ ጠንካራ ብሬስ፣ ልጁ ላይ ያለ ለስላሳ ልብስ ይሻላል። ስለዚህ እህቴ፣ ልጅዎ ራሷ የመረጠችውን ቀለል አድርገው አይዩባት።

የአጥንት_ሐኪም መለሰ፦

ወንድሜ፣ ልጅዎ በዚያው በመቆየቱ ደስ ብሎኛል፤ ያልተለበሰ ብሬስ እንደማይጠቅም የጻፉትም ትክክል ነው። ግን እንዲህ ያለውን ውጤት ስናይ መጠየቅ ያለብን፣ ልብሱ ባይኖርስ ኩርባው ይጨምር ነበር ወይ የሚለውን ነው። በ1984 ሎንስታይን እና ካርልሰን ሕክምና ሳይጀምሩ ክትትል የተደረገላቸውን 727 ልጆች መርምረው ባወጡት ጽሑፍ፣ ኩርባቸው ከ20 ዲግሪ በታች ሆኖ ሪሰራቸው 2 እና ከዚያ በላይ ከነበሩት የባሰባቸው 1.6 በመቶ ብቻ ናቸው። ኩርባቸው ከ20 እስከ 29 ሆኖ ሪሰራቸው 0 ወይም 1 ከነበሩት ግን 68 በመቶ የሚሆኑት ብሶባቸዋል። በ16 ዓመቱ እድገቱን ወደ ማገባደዱ የተጠጋ 19 ዲግሪ ያለበት ወጣት በአብዛኛው ያለ ምንም ልብስም ባለበት ይቆያል። የጠያቂዋ ልጅ ግን ከሁለተኛው ወገን ናት። ሁለቱን ልጆች በአንድ ልብስ ውጤት መዳኘት አይቻልም፤ የአንዱ መልካም ዜና ለሌላዋ ማስረጃ አይሆንም።

ስለ ጠንካራው ብሬስ ካሉን ማስረጃዎች ዋናው በአሜሪካና በካናዳ በ25 ተቋማት ተካሂዶ በ2013 ውጤቱ የታተመው ብሬይስት የተባለው ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 15፣ ኩርባቸው ከ20 እስከ 40 ዲግሪ የሆነ፣ በማደግ ላይ ያሉ 242 ልጆች ተካትተውበታል። እንደ ስኬት የተቆጠረው ልጆቹ እድገታቸውን ሲጨርሱ ኩርባቸው ከ50 ዲግሪ በታች ሆኖ መገኘቱ ነበር። ብሬስ ከለበሱት 72 በመቶ፣ በክትትል ብቻ ከቆዩት 48 በመቶ ተሳክቶላቸዋል፤ ልዩነቱ ግልጽ ስለነበር ጥናቱ ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ ቆሟል። እዚህ ላይ ሁለቱንም ቁጥር ያስተውሉ። ብሬስ ሳይለብሱ ከቀሩት ግማሽ የሚጠጉት ቀዶ ሕክምና ወደሚታሰብበት ደረጃ አልደረሱም፤ በሌላ በኩል ከለበሱት መካከልም የደረሱ አሉ። ብሬስ ዕድልን ያሻሽላል እንጂ ዋስትና አይሰጥም፤ ከዚህ በላይ ቃል የሚገባ ሰው ካገኙ ይጠንቀቁ።

አሁን ስለ ስድስቱ ወር ልመልስ። የኮብ ማዕዘን፣ ማለትም በራጅ ላይ የሚነበበው የኩርባው ዲግሪ፣ ሲለካ እስከ 5 ዲግሪ የሚደርስ ስሕተት ሊኖር ስለሚችል የ2 ወይም የ3 ዲግሪ ለውጥ ብዙ አያስጨንቅም። ከ21 ወደ 28 መሄድ ግን ከዚያ ስሕተት ያለፈ እውነተኛ ጭማሪ ነው ማለት ይቻላል። ልጃገረዶች በፍጥነት የሚያድጉት የወር አበባ ከማየታቸው በፊት ባሉት ወራት ነው፤ ኩርባው የሚፈጥነውም ያኔ ነው። ብሬስ በዋናነት የሚሠራው ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ክልል፣ እድገት እስካለ ድረስ ነው። ስለዚህ ለሙከራ የሚያልፈው ስድስት ወር ሌላ ጊዜ የሚተካ አይደለም፤ ብሬሱ ይበልጥ ሊጠቅማት የሚችልበት ጊዜ ራሱ ነው።

አሳቢ_እናት ጻፈች፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። “ዋስትና አይሰጥም” የሚለው አስደንግጦኛል፤ ነገር ግን እውነቱን ማወቅ እመርጣለሁ። ያስጨነቀኝ 18ቱ ሰዓት ነው። ትምህርት ቤት ውላ፣ ተኝታ፣ ሞቋት እንዴት ትችለዋለች? ከ18 ሰዓት ብታጎድልስ ልፋቷ ሁሉ ከንቱ ይሆናል ማለት ነው?

የአጥንት_ሐኪም መለሰ፦

ከንቱ አይሆንም። በብሬይስት ጥናት ልጆቹ ብሬሱን የለበሱበት ጊዜ የሚታወቀው ሙቀትን በሚለይ በትንሽ ሴንሰር ስለነበር፣ ሰዓቱ ከልጆቹ ቃል ብቻ የተወሰደ አይደለም። በቀን በአማካይ እስከ 6 ሰዓት ብቻ የለበሱት ምንም ካልለበሱት ብዙ አልተሻሉም፤ በአማካይ 12.9 ሰዓትና ከዚያ በላይ የለበሱት ግን ከ90 እስከ 93 በመቶ ተሳክቶላቸዋል። እርግጥ ነው፣ ለመልበስ የሚበረቱ ልጆች በሌላም ነገር ከሌሎቹ ሊለዩ ይችላሉ፤ ያም ሆኖ ሰዓት በጨመረ ቁጥር ውጤቱ እየተሻለ መሄዱ ግልጽ ነው። 18 ሰዓት የሚታዘዘው ልጆች ከታዘዘው ጥቂት ማጉደላቸው ስለሚጠበቅ ጭምር ነው። አንድ ቀን ቢጎድልባት አይቆጧት፤ በሳምንቱ አማካይ ላይ ያተኩሩ።

ያለፍኩበት መለሰች፦

እንደ እናቴ ቆጥሬ ልጻፍልዎት። ከ13 ዓመቴ ጀምሮ እድገቴ እስኪያበቃ ድረስ ጠንካራ ብሬስ ለብሻለሁ። ሐኪሞቹ ስለ ዲግሪው ጽፈውልዎታል፤ እኔ ብሬሱን ለብሶ ስለ መዋል ልጻፍ።

በመጀመሪያው ቀን 18 ሰዓት አይጠበቅባትም። ጥቂት ሰዓት ተለብሶ፣ ቆዳ ታይቶ፣ በየቀኑ እየተጨመረ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ወደ ሙሉ ሰዓቱ ይደረሳል። መተኛቱ መጀመሪያ ይከብዳል፣ ከዚያ ይለመዳል። ቆዳዋን የሚጠብቀው ከሥር የምትለብሰው ካናቴራ ስለሆነ በእሱ ላይ አይቆጥቡ። በጎኑ ስፌት የሌለው፣ ሰውነት ላይ ልክክ የሚል፣ ላብ የሚመጥና ከብሬሱ በታች ወርዶ የሚተርፍ መሆን አለበት። ብሬሱ ከተዘጋ በኋላ ከታች ሳብ አድርጋ መጨማደዱን ታጥፋው፤ አንዲት እጥፋት ቀኑን ሙሉ ስትጫን ቆዳ ታቆስላለች። ሲሞቃት የምትቀይረው ሌላ ካናቴራ በቦርሳዋ ይኑር። ግፊቱ ባለበት ቦታ ቆዳዋ ቢቀላ አይደንግጡ፤ ብሬሱ ወልቆ በግማሽ ሰዓት ያህል ውስጥ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ወይም ቆዳው ከተላጠ ብሬሱ መስተካከል ስለሚያስፈልገው ወደ ሠሪው ይደውሉ። ቅባትና ሎሽን ከብሬሱ ሥር አትቀባ፤ ቆዳን ያለሰልሳል፣ ለስላሳ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይቆስላል።

ብዙ ሰው ቀድሞ የማይነግራችሁን ሁለት ነገር ልጨምር። ፓንቷን ከብሬሱ በላይ ትልበስ፤ አለበለዚያ መጸዳጃ ቤት በሄደች ቁጥር ብሬሱን መፍታት ይኖርባታል። ምግብም በአንድ ጊዜ ብዙ ከመብላት ጥቂት ጥቂት እያለች ቶሎ ቶሎ ብትበላ ሆዷ አይጨነቅም።

ስለ ኀፍረቱ “ማንም አያይብሽም” አይበሏት፤ አንድ ሰው ማየቱ አይቀርም፣ ያኔ ቃልዎን አታምንም። እኔን የረዳኝ ሰው ሳያውቅብኝ በፊት ለቅርብ ጓደኛዬ ራሴ መናገሬና ብሬሱን እንድትነካው መፍቀዴ ነው። ከዚያ በኋላ የክፍላችን ልጆች ለጥቂት ጊዜ ጠየቁ፣ ከዚያም ተዉት። ሌላው ደግሞ ስድስቱ ነጻ ሰዓታት የእሷ ይሁኑ። መቼ እንደምታወልቀው እሷ ትምረጥ፤ ለስፖርት ይሁን፣ ለልደት በዓል ይሁን፣ ዝም ብሎ ለመቀመጥም ይሁን ምክንያት አይጠይቋት። ሁሉ ነገር በሌላ ሰው ሲታዘዝ ልጅ ይታክታታል፤ የምትወስነው ነገር ሲኖራት ግን ሰዓቱን ራሷ ትቆጥራለች።

ጨርቅ_መሐንዲስ መለሰ፦

በጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና የምሠራ ሰው በመሆኔ፣ ለስላሳው ልብስ እንደ ማታለያ ብቻ ተቆጥሮ እንዳይቀር እሰጋለሁ። ብሬስ ሠሪው ስለ ጨርቅ የተናገረው መሠረቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን በአንድ ልብስ ላይ ሁሉም ቦታ እኩል እንዲለጠጥ የሚያስገድድ ነገር የለም። ዛሬ በሹራብ ማሽን አንዱን ክፍል ጠንካራ፣ ሌላውን ልል አድርጎ ያለ ስፌት መሥራት ይቻላል፤ በውስጡም ፓድና ቀጭን ደጋፊ ዘንግ የሚገባበት ኪስ ይሠራል። የሆንግ ኮንግ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ኩርባቸው ገና አነስተኛ ለሆነ ልጆች የሚሆኑ ማረሚያ ልብሶችን፣ በኋላም በተለያየ አቅጣጫ የተለያየ ጥንካሬ ባለው ጨርቅ የተሠራ ብሬስ ሠርተው ሞክረዋል። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ2018 ይፋ የሆነው ሮዝ የተባለ መሣሪያ፣ በአካል ዙሪያ ባሉ ቀለበቶችና በሞተር በሚንቀሳቀሱ ዘንጎች አማካይነት ሰውነት በየትኛው አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚቋቋም ለመለካት አስችሏል። ይህ ለቤት የሚሆን ልብስ ሳይሆን የምርምር መሣሪያ ነው፤ ግን የወደፊቱ ልብስ የት ቦታ ምን ያህል መጫን እንዳለበት ለማወቅ ያግዛል።

ችግራችንንም አልሸሽግም። ተለጣጭ ክር ተወጥሮ ሲቆይ ውጥረቱ ይቀንሳል፤ ላብ፣ ሙቀትና ተደጋጋሚ እጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። ጠዋት የተሰጠው ጉልበት ማታ ላይኖር ይችላል፤ ልብሱ ሲታይ ግን ያው ነው። የፕላስቲክ ብሬስ ሲላላ ማሰሪያው ላይ ይታያል፣ የጨርቁ መላላት ግን ካልተለካ አይታይም። ስለዚህ ለስላሳ ልብስ የሚሸጥ ሰው ቢያንስ፣ ግፊቱ በስንት ጊዜ እንደሚለካና ልብሱ መቼ እንደሚለወጥ መናገር መቻል አለበት። በእኔ አስተያየት ጨርቁ በቅርቡ ቦታ የሚያገኘው ከ20 ዲግሪ በታች ባሉት፣ ዛሬ ከክትትል በቀር ብዙ ነገር በማይደረግላቸው ልጆች ዘንድ ነው። ለ28 ዲግሪና ለሪሰር ዜሮ ልጅ ግን የሥራ ባልደረቦቼን ልብስ ከጠንካራው አስቀድሜ አልመክርም።

የልጁ_አባት መለሰ፦

ስለ ልጄ የተሰጠኝን ማብራሪያ ተረድቻለሁ፤ ሆኖም ዋናው ነጥቤ እንዳለ ነው። ልጆች ለስላሳውን በቀላሉ ይለብሱታል፣ ጠንካራውን ይሸሹታል። ደግሞ ቀን ቀን ነጻ ሆነው ማታ ብቻ የሚለብሱት ጠንካራ ብሬስ እንዳለ ሰምቻለሁ። ለትምህርት ቤት ልጅ እሱ መካከለኛ መንገድ አይሆንም?

ብሬስ_ሠሪው መለሰ፦

“በቀላሉ ይለብሱታል” የሚለውን ሁላችንም እንጠብቀዋለን፤ ቀደም ብዬ ባነሣሁት የሆንግ ኮንግ ጥናት ግን የልጆቹ ተቀባይነት በሁለቱ መካከል ተቀራራቢ ሆኖ ነው የተገኘው። ለስላሳው የራሱ ጣጣ አለው። በጭንና በዳሌ ዙሪያ የሚያልፉት ማሰሪያዎች መጸዳጃ ቤት ያስቸግራሉ፣ አታሳሰሩም ትክክለኛ ቅደም ተከተል ይፈልጋል።

የማታ ብሬስን በተመለከተ፣ ቻርልስተን እና ፕሮቪደንስ የሚባሉ አሉ። ልጁ ተኝቶ ስለሚለብሳቸውና መራመድ ስለማይጠበቅበት ሰውነቱን ከቀኑ ብሬስ አብልጠው ወደ ተቃራኒው ወገን ያጋድላሉ፤ የሚለበሱትም ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል ነው። ይበልጥ የሚስማሙት ግን ኩርባው አንድ ብቻ ሆኖ በወገብ ወይም በደረትና በወገብ መገናኛ ላይ ሲሆን ነው። ደረት ላይ ላለና በፍጥነት ለሚጨምር ኩርባ የሙሉ ቀኑን አስቀድማለሁ። ለሐኪሟ ማንሣቱ ግን ምንም አይከፋም።

ፊዚዮ_ባለሙያ መለሰች፦

ሳይነሣ እንዳይቀር የምፈልገው ሌላ ዓይነት ልብስ አለ። ትከሻን ወደ ኋላ የሚስቡ፣ በየሱቁ በትንሽ፣ በመካከለኛና በትልቅ መጠን የሚሸጡት የአቀማመጥ ማስተካከያዎች ለስኮሊዮሲስ የተሠሩ አይደሉም። በግራና በቀኝ እኩል ስለሚስቡ ወደ አንድ ወገን የተጣመመን አከርካሪ የሚያርሙበት መንገድ የላቸውም። ለጎበጠ ትከሻ የሚሰጡት ጥቅም ምንም ይሁን ምን፣ በሕክምና ምትክ እንዳይገዙ አደራ እላለሁ። ወላጆች በቅን ልብ ገዝተውት፣ ልጃቸው “እየታከመ ነው” ብለው ሳይመረመር የሚቆይበት ጊዜ በጣም ያሳዝነኛል።

ብሬሷን ስትጀምር ለስኮሊዮሲስ ተብለው የተዘጋጁ እንቅስቃሴዎችንም አብራ ብትጀምር እመክራለሁ። ከእነዚህ የታወቀው ጀርመናዊቷ ካታሪና ሽሮት የጀመረችው ስልት ነው፤ ልጅቷ ኩርባዋን አውቃ፣ በገባው ወገን አየር እየሳበችና አከርካሪዋን እያስረዘመች እንድትሠራ ያስተምራል። እንቅስቃሴው ብሬሱን አይተካም፣ ነገር ግን የጀርባዋ ጡንቻ በብሬሱ ውስጥ እንዳይሰንፍ ያግዛል። ስፖርቷንም አታቁም፤ መዋኘት ብትወድ ትዋኝ፣ መሮጥ ብትወድ ትሩጥ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ ችግር በቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል። ታናናሾች ካሏት ጀርባቸውን ገልጠው፣ እግራቸውን ገጥመው፣ እጃቸውን አንጠልጥለው ወደ ፊት እንዲያጎነብሱ ያድርጉና ከኋላ ሆነው ይመልከቱ። አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ካለ ለሐኪም ያሳዩ። ዊሊያም አዳምስ ይህን ምርመራ በ1865 ገልጾታል፤ ዛሬም የመጀመሪያው ማጣሪያ እሱ ነው።

አሳቢ_እናት ጻፈች፦

ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን ሁሉንም አነበብን። “ያለፍኩበት” የጻፈችውን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ስለ ፓንቱ ሲደርስ ሳቀች፣ ስለ ጓደኛዋ ሲደርስ ዝም አለች። በመጨረሻ ጠንካራውን ለመጀመር ተስማምተናል፤ ነጻ ሰዓቶቿን ግን ራሷ ትመርጣለች፣ ይህን ቃል ገብቼላታለሁ። የታናሽ ወንድሟንም ጀርባ አየሁ፤ ሁለቱም ወገን እኩል ነው። አሁን የቀረኝ፣ የሚሠራላት ብሬስ በትክክል የተሠራ መሆኑን እኔ ባለሙያ ሳልሆን በምን አውቃለሁ?

ብሬስ_ሠሪው መለሰ፦

ዋናው ማረጋገጫ ብሬሱን እንደለበሰች የምትነሣው ራጅ ነው። ከለመደችው በኋላ፣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ፣ ይነሣል። ኩርባው በብሬሱ ውስጥ ሲለካ ግማሽ ያህል ከቀነሰ በጣም ጥሩ ነው፤ አከርካሪዋ በቀላሉ የማይታጠፍ ከሆነ ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ምንም ካልቀነሰ ግን ብሬሱ እንዲስተካከል ወይም እንደገና እንዲሠራ ይጠይቁ፤ ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው፣ ጥሩ ባለሙያም አይቀየምበትም። ራጁ ከኋላ ወደ ፊት እንዲነሣም ያስታውሷቸው፤ በዚያ አቅጣጫ ጡቷ የሚያገኘው ጨረር ያነሰ ነው።

በዓይን የሚታዩ ነገሮችም አሉ። ቆማ ከፊት ሲያዩዋት ጭንቅላቷ ከዳሌዋ መካከል በላይ መሆን አለበት፤ ወደ አንድ ወገን ተንጋድዳ ከቆመች አንድ ነገር ተሳስቷል። ስትቀመጥ የታችኛው ጠርዝ ጭኗን መውጋት የለበትም፣ በብብቷ በኩል ያለውም እጇን ማደንዘዝ የለበትም። ከግፊቱ ትይዩ ባለው ክፍተት እጅዎን አስገብተው ጥልቅ ትንፋሽ እንድትስብ ይጠይቋት፤ ደረቷ ወደ እጅዎ ሲመጣ ሊሰማዎት ይገባል። ማሰሪያዎቹ በየትኛው ልክ እንደሚጠብቁ ባለሙያው በብዕር ምልክት ያድርግባቸው፤ ላልቶ የታሰረ ብሬስ ምቾት ይሰጣል፣ ሥራውን ግን አይሠራም።

ከዚያ በኋላ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ልኩ ይታያል፤ በፍጥነት ስለምታድግ አንድ ብሬስ እስከ መጨረሻው ላይበቃት ይችላል። ኩርባው እንዴት እንደሆነ ለማየት በየስድስት ወሩ ገደማ ያለ ብሬስ ራጅ ትነሣለች፤ ከራጁ በፊት ለስንት ሰዓት ማውለቅ እንዳለባት ሐኪሟን ይጠይቁ። ቁመቷ መጨመሩን ሲያቆምና የአጥንቷ ምልክት እድገቷ መጠናቀቁን ሲያሳይ ሰዓቱ ይቀነሳል። ለልኬት ስትመጣ ደግሞ ከሥር የምትለብሰውን ዓይነት ስፌት የሌለው ካናቴራ ለብሳ ትምጣ፤ ልኩ የሚወሰደው በእሱ ላይ ነው።